ስለ ነጻ ተጫዋቾች አመራረጥ

(በተማሪዎች ማኅበር የእስፖርት ክፍል በተዘጋጀው የዓርብ ምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የእስፖርት ክፍላችን በዚህ ቦታ ቆሜ እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የመሰለኝ ሰው የተሳሳቱ ነው። በዚህ መድረክ ላይ ባለፉት ሳምንቶች ስለ መሬት፥ ስለ ቋንቋና ስለ ትምህርት ሥርዓት የተናገሩትን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ በኋላ ስለ ቅርጫት ኳስ ልናገር መነሣቴ ከቅዳሴ በኋላ ቀረርቶ እንደ ማሰማት ይቆጠርብኝ ይሆናል። ቢሆንም ግብዣውን የተቀበልሁበት ምክንያት አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሚቴያችን የዩኒቨርሲቲውን የወንዶች ቡድን 12 ተጫዋቾች ይመርጣል፤ በምግብ አዳራሹ ውስጥም ከወዲሁ «እገሌ ካልገባ ቡድን የለም» የሚለው ክርክር ሾርባ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይካሄዳል። (የሴቶቹ ቡድን ምርጫ ያለ ጠብ ተፈጽሟል፤ ስለዚህ ለእነርሱ የምመክረው ነገር የለኝም፤ ይልቁንስ ከእነርሱ ብንማር ይሻላል።) የቡድን አመራረጥን በገንዘብም በዕውቀትም ከሁሉ ይልቅ የደከሙበት አሜሪካኖች ናቸው። ከእነርሱ ሥራ ያየሁትን፥ የተሳካላቸውንም የወደቁበትንም፥ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከመነሻው ልብ በሉልኝ።

በመጀመሪያ ነጻ ተጫዋች ማለት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አለብኝ። በአሜሪካው ታላቅ ማኅበር፥ በኤንቢኤ፥ ተጫዋች ለአንድ ቡድን ለተወሰኑ ዓመቶች ይፈርማል። ውሉ ሲያልቅ ወደ ፈለገው ቡድን ሄዶ ለመፈረም ከቻለ ነጻ ተጫዋች ይባላል። ይህ መብት ከሰማይ የወረደ አይደለም። በቀድሞው ደንብ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም ለያዘው ቡድን እንደ ታሰረ ይቀር ነበር፤ ቡድኑ ካልለቀቀው ሌላ ሊያነጋግረው አይችልም። በ1970 የተጫዋቾች ማኅበር መሪ የነበረው ዝነኛው ኦስካር ሮበርትሰን በስሙ ክስ አቀረበ፤ ጉዳዩ ስድስት ዓመት ፈጅቶ በ1976 በስምምነት አለቀ፤ ለተጫዋቾችም መውጫ በር ተከፈተላቸው። በሩ በሰፊው የተበረገደው ግን በ1988 ነው። በዚያ ዓመት ቶም ቼምበርስ የተባለ ተጫዋች ያለ ምንም ገደብ ከሲያትል ወደ ፊኒክስ ሲፈርም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ፊኒክስ ቼምበርስ ሳይመጣ በነበረው ዓመት ከ82 ጨዋታ 28 ብቻ አሸንፎ ነበር፤ እርሱ በመጣበት ዓመት 55 አሸነፈ። ሌሎችም ተጨምረውበታልና ሁሉን ለእርሱ ብቻ መስጠት አይገባም። ቢሆንም የቡድን ባለቤቶች ሁሉ ያን ቁጥር አይተው «ለካ ቡድን በአንድ ፊርማ ይለወጣል» ማለት ጀመሩ። ብዙ ገንዘብ የጠፋውም ከዚህ አሳብ የተነሣ ነው።

ገንዘብ ያለው ሁሉ ጥሩውን ሁሉ እንዳይሰበስብ የደመወዝ ጣሪያ የሚሉት ሕግ አላቸው። ሕጉ በ1984 ሲጀመር አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በዓመት ሊከፍል የሚችለው 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለ2025-26 ዘመን የተቆረጠው ከ154 ሚሊዮን በላይ ነው። ጣሪያው ግን ሳር ክዳን ነው፤ ቀዳዳ አለው። ቡድኑ የራሱን ነባር ተጫዋች ለማስቀረት ጣሪያውን አልፎ ሊከፍል ይችላል። ደግሞም ጣሪያው ላይ የደረሰ ቡድን በየዓመቱ በአንድ መካከለኛ ደመወዝ ሰው እንዲያስፈርም ይፈቀድለታል። ይህችን የመካከለኛ ደመወዝ ቀዳዳ አትርሷት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመዝገብ ላይ 15 ሰው ይጻፋል፤ ሜዳ የሚገቡት ግን 5 ናቸው። ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው፤ አምስት ሰው በ48 ሲባዛ 240 ደቂቃ ይሆናል። ቡድን የሚያከፋፍለው ሀብት ይህ ነው፤ 240 ደቂቃና አንድ ኳስ። ገንዘቡ በልዩ ልዩ መንገድ ሊገኝ ይችላል፤ ደቂቃው ግን በምንም ዘዴ 241 አይሆንም። ስለዚህ አዲስ ሰው ስናስገባ «ይህ ሰው ጎበዝ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። የሚወስደውን 30 ደቂቃ ከማን ነው የሚወስደው? ኳሱንስ ከማን እጅ ይቀበላል? ያ ሰው ኳስ ሲያጣ ምን ሊሠራ ይችላል?

ባላገር ያደጋችሁ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፥ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ መቀናጆ ይገባል። አያቴ መቀናጆ ሲፈልግ የጎረቤቱን በሬ ብቻውን አቁሞ አያየውም ነበር፤ ከራሱ በሬ አጠገብ አቁሞ ነው የሚያየው። ቁመታቸው ካልተመጣጠነ ቀንበሩ ይዘማል፤ አንዱ ፈጣን ሌላው ዘገምተኛ ከሆነ ትልሙ ይጣመማል። «ይህ በሬ ግሩም ነው፤ ለእኔ በሬ ግን አይሆነውም» ብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። የአሜሪካ ቡድን ሥራ አስኪያጆች በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከፍለው የተማሩት ከዚህ የበለጠ ብዙ አይደለም።

ለምሳሌ የዲትሮይትን ቡድን፥ ፒስተንስን፥ ታሪክ ልንገራችሁ። ይህን የመረጥሁት አንድ ቡድን፥ ከዚያም አልፎ አንድ ሥራ አስኪያጅ፥ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እጅግ ጥሩውንም እጅግ መጥፎውንም ምርጫ አድርጎ ስለ ተገኘ ነው። ሰውየው ጆ ዱማርስ ይባላል፤ እርሱ ራሱ በዚያው ቡድን ዝነኛ ተጫዋች የነበረ ነው።

በ2000 የዲትሮይት ኮከብ ግራንት ሂል ውሉን ጨርሶ ወደ ኦርላንዶ ለመሄድ ቆረጠ። ሂል በዚያን ጊዜ በአገሩ ካሉት ምርጥ አምስት ስድስት ተጫዋቾች አንዱ ነበረ፤ የሄደበትም ውል ለሰባት ዓመት ወደ 93 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። ዱማርስ ሰውየውን በከንቱ ከመልቀቅ ይልቅ ከኦርላንዶ ጋራ የፊርማ ልውውጥ አድርጎ ሁለት ሰዎች ተቀበለ። አንደኛው ቸኪ አትኪንስ፥ ሁለተኛው ቤን ዋላስ ይባላሉ። የዲትሮይት ሕዝብ ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም። ዋላስ በ1996 በምልመላው ማንም ሳይመርጠው የቀረ፥ ለመካከለኛው ቦታ ቁመቱ የሚያንስ፥ በኦርላንዶም በአንድ ጨዋታ በአማካይ አምስት ነጥብ እንኳ የማይሞላ ሰው ነበረ። ንጉሥ ሰጥቶ ወታደር መቀበል የሚያሰኝ ነው።

ግን ምን ሆነ? ሂል ሲፈርም ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ነበረ፤ ጉዳቱም ከዚያው ዓመት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ዘመን 4 ጨዋታ፥ በሁለተኛው 14፥ በሦስተኛው 29 ተጫወተ፤ በአራተኛው ጭራሽ አልተጫወተም። በአራት ዓመት ጠቅላላው 47 ጨዋታ መሆኑ ነው። ጥፋቱ የእርሱ እንዳይመስላችሁ፤ ከቀዶ ሕክምና ወደ ቀዶ ሕክምና እየተመላለሰ ተስፋ ያልቆረጠ፥ በኋላም ተነሥቶ እስከ 2013 የተጫወተ ትልቅ ሰው ነው። የኦርላንዶ ሹማምንት ግን የከፈሉት ባለፈው ዓመት ላዩት ሂል ነው፤ ያገኙት የሚመጣውን ዓመት ሂል ነው። ዋላስ ደግሞ በዲትሮይት በመጀመሪያው ዘመን በጨዋታ ከ13 በላይ ሪባውንድ ሰበሰበ፤ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመቶች በሪባውንድ የማኅበሩ አንደኛ ሆነ፤ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚባለውንም ሽልማት አራት ጊዜ ወሰደ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ይህን ጠይቁ። ዋላስ ይህን ሁሉ በዲትሮይት ተማረውን? አልተማረውም። በኦርላንዶም ሳለ ባገኘው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሪባውንድ ይሰበስብ ነበር። ደቂቃው ጥቂት ስለ ነበረ ቁጥሩም አነስተኛ ሆኖ ታየ። ዓይን የሚስበው በጋዜጣ ላይ የሚወጣው የነጥብ ብዛት ነው። ሃያ ነጥብ ያገባ ሰው ስሙ ይጻፋል፤ ሃያ ነጥብ እንዳይገባ የከለከለ ሰው በየትኛው ዓምድ ይጻፋል? ዛሬ ሰውየው ሜዳ ላይ በቆየበት ጊዜ ቡድኑ ስንት እንዳገባና ስንት እንደ ገባበት የሚቆጥሩበት ልዩ ልዩ ስሌት አላቸው። ስሌቱም ያሳስታል፤ ደካማ ሰው ከአራት ጎበዞች ጋራ ከተሰለፈ ጎበዝ ይመስላልና። ቢሆንም ነጥብ ብቻ ከመቁጠር ይሻላል።

በ2002 ዱማርስ ኳስ የሚያከፋፍል ሰው ፈለገ፤ የነበረው ገንዘብ ቅድም አትርሷት ያልኋችሁ የመካከለኛ ደመወዝ ቀዳዳ ብቻ ነበረ። በዚያች ቻውንሲ ቢላፕስን አስፈረመ፤ ለስድስት ዓመት ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር። ቢላፕስ በ1997 በምልመላ ሦስተኛ ሆኖ የተመረጠ ትልቅ ተስፋ ነበረ፤ ግን ቦስተን ዓመት ሳይሞላው ለቶሮንቶ አሳልፎ ሰጠው፥ ቶሮንቶ ለዴንቨር፥ ከዚያ ሚኒሶታ። ለአብዛኛው ተመልካች ይህ «የማይረባ ነው፥ ማንም አላቆየውም» የሚያሰኝ ታሪክ ነው። ነገር ግን ወጥ ቤት ሲለዋወጥ ወጡ የማይጥም ከሆነ ጥፋቱ የሽንኩርቱ ላይሆን ይችላል። ልጁ በየዓመቱ አዲስ አሠልጣኝ አዲስ ዘዴ ይገጥመው ነበር። በሚኒሶታ ዋናው ኳስ አከፋፋይ ተጎድቶ ቦታው ሲለቀቅለት ብቻ ችሎታው ታየ። ዱማርስም ያችን አንዲት ዘመን በደንብ ተመለከታት። ሰውየው ገና 25 ዓመቱ ነበረ፤ ማለትም ስድስቱ ዓመቶች የሚውሉት ተጫዋች ኃይሉም ብልሃቱም በሚገናኝበት ዕድሜ ላይ ነው።

የቀሩትን በነጻ ፊርማ አላገኟቸውም። ሪቻርድ ሐሚልተን በልውውጥ መጣ፤ ቴይሾን ፕሪንስ በ2002 ምልመላ 23ኛ ተመርጦ መጣ፤ ራሺድ ዋላስ በየካቲት 2004 በልውውጥ ተጨመረ። ይህን የምናገረው ነጻ ፊርማ ብቻውን ቡድን እንዳይመስለን ነው፤ ቤት ሲሠራ ማገር ነው እንጂ ምሰሶም ግድግዳም አይደለም።

አሁን በሌላው ወገን የሎስ አንጀለስ ሌከርስን እንይ። በ2003 ሻኪል ኦኒልና ኮቢ ብራያንት የነበሩት ቡድን ሁለት አንጋፋ ስሞች አስፈረመ፤ ካርል ማሎንንና ጌሪ ፔይተንን። ማሎን ባለፈው ዘመን 19 ሚሊዮን ዶላር ያገኘ ሰው ሲሆን፥ ዋንጫ ለማግኘት ሲል በ1.5 ሚሊዮን ብቻ ተስማማ። ፔይተንም እንዲሁ ደመወዙን እጅግ ቀንሶ መጣ። ከዋጋ አንጻር ብቻ ብናይ እንዲህ ያለ ገበያ አልታየም፤ አራት ታላላቅ ስሞች በአንድ ቡድን! «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ እውነት ነው፤ ሪባውንድ ለመያዝ ግን ስም አይዘልም። ማሎን 40 ዓመት ሞልቶት ነበረ፤ ጉልበቱ ተጎድቶ ከ82 ጨዋታ 42 ብቻ ተጫወተ። የፔይተን ነገር ግን ይበልጥ ያስተምራል። ፔይተን ዕድሜውን ሁሉ ኳስን በእጁ ይዞ ጨዋታን ሲመራ የኖረ ሰው ነው፤ የአሠልጣኙ የፊል ጃክሰን የሦስት ማዕዘን ዘዴ ደግሞ ኳስን ከአንድ ሰው እጅ አውጥቶ ለሁሉ የሚያዞር ነው። ሰውየው ቆሞ ከሩቅ እንዲወረውር ታዘዘ፤ ያ ደግሞ ዋና ሙያው አልነበረም። ዝሆን ገዝቶ እንደ ድመት አይጥ እንዲይዝ መላክ ማለት ይህ ነው።

ለእውነት ሲባል ሌከርስ 56 ጨዋታ አሸንፎ እስከ ፍጻሜው ደርሷል፤ ስለዚህ ምርጫው ፈጽሞ ከንቱ ነበረ አልልም። በሰኔ 2004 ግን ሁለቱ ቡድኖች ተገናኙ። የመጀመሪያውን ዲትሮይት 87 ለ75 አሸነፈ። ሁለተኛውን ኮቢ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ከሩቅ አግብቶ አቻ ካደረገ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት ሌከርስ ወሰደው። ሦስተኛው 88 ለ68፥ አራተኛው 88 ለ80፥ አምስተኛው 100 ለ87፤ ሦስቱም የዲትሮይት ሆኑ። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ማን ተባለ? አራት ቡድን ያላቆየው ቢላፕስ ነው። ፔይተን በዚያ ፍጻሜ በጨዋታ በአማካይ 4 ነጥብ ያህል አገባ። ማሎንም ጉልበቱ እየከዳው አምስተኛው ላይ ሊሰለፍ አልቻለም፤ ዋንጫም ሳያገኝ ጨዋታ አቆመ። ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል፤ የሌከርስ ደጋፊ ሳልሆን ማለቴ ነው።

እንግዲህ «ዱማርስ ምሥጢሩን ያወቀ ሰው ነው» ብለን እንዳንደመድም በ2009 የሆነውን ስሙ። ቢላፕስ በ2008 መጨረሻ በልውውጥ ሄዶ፥ በምትኩ የመጣው የአለን አይቨርሰን ውል ሲያልቅ፥ ዲትሮይት ብዙ ባዶ ገንዘብ ተረፈው። በዚያ ዓመት ገበያው ቀጭን ነበረ። ታላላቆቹ፥ ሌብሮን ጄምስ፥ ድዌይን ዌድ፥ ክሪስ ቦሽ፥ በሚመጣው ዓመት በ2010 ነጻ እንደሚሆኑ ሁሉም ያውቅ ስለ ነበር ብዙ ቡድኖች ገንዘባቸውን ለዚያ ይጠብቁ ነበር። ዱማርስ ግን ወዲያው ቤን ጎርደንን ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ፥ ቻርሊ ቪላኑዌቫን ከ35 ሚሊዮን በላይ፥ ሁለቱንም ለአምስት አምስት ዓመት አስፈረመ። ጎርደን በቺካጎ በጨዋታ 20.7 ነጥብ ያገባ ግሩም ተኳሽ ነው። ነገር ግን በእርሱ ቦታ ሐሚልተን ነበረ፤ ሮድኒ ስታኪም ነበረ። ሦስት ሰው ለአንድ ወንበር! ጎርደን በዲትሮይት የመጀመሪያ ዘመኑ ወደ 13.8 ነጥብ ወረደ፤ ቡድኑም ከ39 ድል ወደ 27 ወረደ። በ2012 ጎርደንን የሚረከባቸው ቡድን ለማግኘት ሲሉ የመጀመሪያ ዙር የምልመላ ዕድላቸውን ጨምረው ለሻርሎት ሰጡት። አንድ ሰው በቅሎ ሸጦ ኮርቻውን ብቻ ሳይሆን ገለባውንም መርቆ ሲሰጥ እንዳለ ቁጠሩት።

በ2000ና በ2002 ያን ሁሉ አስተዋይነት ያሳየ ሰው በ2009 ምን ነካው? የሰውየውን ልብ አላውቅም፤ ግን ሁኔታው ራሱ ይናገራል። በመጀመሪያው ጊዜ ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሌሎች ያላዩትን መፈለግ ግድ ሆነበት። በሁለተኛው ጊዜ ገንዘብ ነበረው፤ ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ከገበያ መመለስ ያፍራል። ገበያ ወርዶ የሚፈልገው ሳይኖር ቀርቶ ያየውን የሚገዛ ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ በሽታ በመላው ማኅበር ላይ የወረደበት ዓመት 2016 ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለዘጠኝ ዓመት 24 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ስለ ተስማሙ የደመወዙ ጣሪያ በአንድ ጊዜ ከ70 ሚሊዮን ወደ 94 ሚሊዮን ዘለለ። የተጫዋች ቁጥር አልጨመረም፤ ገንዘቡ ብቻ ጨመረ። የኢኮኖሚክስ ክፍል ወንድሞቻችን የሚሆነውን ሳልነግራቸው ያውቁታል። ሌከርስ ለሩሲያዊው ሴንተር ለቲሞፌይ ሞዝጎቭ ለአራት ዓመት 64 ሚሊዮን፥ ለሉዎል ዴንግ ለአራት ዓመት 72 ሚሊዮን ፈረሙ። ሞዝጎቭን ባመቱ ወደ ብሩክሊን ሲያሰናብቱ ከምልመላ ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠውን ወጣት ዲአንጀሎ ራስልን አብረው ሰጡ። ዴንግ በመጀመሪያው ዘመን 56 ጨዋታ፥ በሁለተኛው አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ በሦስተኛው ዋዜማም በስምምነት ተሰናበተ። በዚያው 2016 ኬቪን ዱራንት ወደ ጎልደን ስቴት የገባው በዚሁ በተከፈተው ጣሪያ ነው፤ እነርሱም 2017ንና 2018ን አከታትለው ዋንጫ ወሰዱ። ስለዚህ ስም ያለው ሰው ሁሉ አይጠቅምም ያልሁ እንዳይመስላችሁ። ዱራንት ኳስ ሳይዝም የሚጠቅም፥ ከአራቱ ነባሮች ጋራ ቀንበሩ የሚገጥም በሬ ነበረ።

ስለ ዕድሜም እንዲሁ። ሽማግሌ አይፈረም ብል ሬይ አለን ያሳፍረኛል። ማያሚ በ2012 በትንሽ ደመወዝ ሲያስፈርመው 36 ዓመቱ ነበረ፤ በ2013 ፍጻሜ በስድስተኛው ጨዋታ አምስት ሰከንድ ያህል ሲቀር ከማዕዘኑ ወርውሮ ያገባት ሦስት ነጥብ ቡድኑን ከሽንፈት አፋፍ መለሰችው፤ ዋንጫውም የማያሚ ሆነ። ከፔይተን ጋራ አስተያዩት። ሁለቱም አንጋፋ፥ ሁለቱም ርካሽ። አለንን የጠየቁት ዕድሜ ያልወሰደበትን አንድ ሙያውን ነው።

ዴንግን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ የጎረቤታችን የደቡብ ሱዳን ልጅ ነውና። ዋው ከተማ ተወልዶ፥ በልጅነቱ ከጦርነት ሸሽቶ በግብጽ አልፎ እንግሊዝ አገር ያደገ ሰው ነው። የ72 ሚሊዮኑን ውል ሲያዩ ብዙዎች እንደ ቀልድ ስሙን ያነሡታል። ይህ ሰው ጨዋታ ካቆመ በኋላ የአገሩን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ይመራ ዘንድ ተመረጠ። በመላው ዓለም የተበተኑትን የደቡብ ሱዳን ልጆች በየአገሩ እየፈለገ፥ ከራሱ ኪስ እያወጣ፥ ቡድን አቆመ። የአሜሪካ ቡድኖች በገንዘብ የሚያስፈርሙትን ዓይነት ነጻ ተጫዋች፥ ደመወዝ ሳይኖረው በአገር ስም አስፈረመ ማለት ይቻላል። ነጻነቱን በ2011 ያገኘው አገር በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ሻምፒዮና ተካፈለ፤ በዚያም ውጤት ለኦሊምፒክ አለፈ። በ2024 ለዝግጅት ከአሜሪካ ጋራ ሲጫወት የተሸነፈው 101 ለ100፥ በአንዲት ነጥብ ነው። በፓሪስ ኦሊምፒክም ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፈ። ያን ጨዋታ በመኝታ ቤታችን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ስልክ ዘጠኝ ሆነን ተመልክተነዋል፤ የጮኸነውን ጩኸት የፎቁ ዘበኛ አይረሳውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ደመወዝ የለንም፤ ጣሪያም የለንም። ጨዋታችን 40 ደቂቃ ስለ ሆነ የምናከፋፍለው 200 ደቂቃ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ በየክፍሉ ያሉትን ተማሪዎች አይተን 12 ስም መጻፋችን ያው ነጻ ተጫዋች መምረጥ ነው። የምናገረውም ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ራሴ አጥፍቻለሁና።

ባለፈው ዓመት የአንድ ክፍል ቡድን ሲመረጥ ከሦስቱ መራጮች አንዱ እኔ ነበርሁ። ለመጨረሻው ቦታ ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንደኛው ረጅም፥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ስሙ የገነነ፥ ብዙ ነጥብ ያገባል የሚባል። ሁለተኛው አጭር፥ ዝምተኛ፥ በልምምድ ጊዜ እኔን ራሴን ኳስ እንዳልይዝ አድርጎ ያስጨነቀኝ ልጅ። ረጅሙን መረጥን። ሁለቱ ሲመርጡት እኔ ዝም አልሁ አልልም፤ በደስታ እጄን አወጣሁ። በዚያ ጊዜ ከተመረጡት ውስጥ አራቱ ነጥብ ማግባት የሚፈልጉ መሆናቸውን አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ ግን ስሙ አሳሳተኝ። በመጨረሻው ጨዋታ የዚያኛው ወገን አንድ ፈጣን ልጅ እንደ ልቡ እያለፈን አገባብን፤ የሚይዘው ሰው አልነበረንም። እኛም በወዲያ በኩል አንድ ኳስ ለአምስት እየተሻማን በሦስት ነጥብ ተሸነፍን።

ጨዋታው ሲያልቅ ያ አጭሩ ልጅ ከመደዳው ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ በእግሩ ሥር የጫማ ቦርሳ ነበረ።

«ወንድሜ፥ ይህን ለምን ይዘህ መጣህ?» አልሁት።

«ምናልባት ከእናንተ አንዱ ቢታመምና ሰው ቢጎድል ብዬ ነው» አለኝ።

«ለምን አልነገርኸንም?»

«ምን ብዬ ልንገራችሁ? መርጣችሁ ጨርሳችኋል።»

ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ሰላምታ አይነፍገኝም፤ ስለ ኳስ ግን አያነሣም።

ስለዚህ ኮሚቴውን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ከመምረጣችሁ በፊት ስም ያለውንም ስም የሌለውንም በአንድ ሜዳ ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አሰልፋችሁ እዩ። ነጥብ የሚቆጥር ሰው እንደምታስቀምጡ ሁሉ፥ ማን ማንን እንዳስጣለ፥ ማን ሪባውንድ እንደ ሰበሰበ፥ ማን ከገባበት ጋራ ቡድኑ እንደ መራ የሚጽፍ ሌላ ሰው አስቀምጡ፤ ሰው ካጣችሁ እኔ እጽፋለሁ። 12ኛውን ስም ስትጽፉ አሥራ አንዱን እያያችሁ ጻፉ። የሚጎድለን ተከላካይ ሆኖ ሳለ አምስተኛ ተኳሽ አታምጡብን፤ ምንም ያህል ቢያጨበጨብለት። የተጎዳ ጉልበት ያለው ጓደኛችንም ቢሆን «እችላለሁ» ስላለ ብቻ አይሰለፍ፤ ሐኪም ይየው።

ከመምህራኖቻችን አንዱ ከዚህ ንግግር በፊት «ይህ ሁሉ ለኳስ ነውን?» ብለው በፈገግታ ጠይቀውኛል። አዎን፥ ለኳስ ነው። የቀሩትን ጉዳዮች ለሚችሉ ሰዎች ትቻለሁ።

የምዝገባው ወረቀት በእስፖርት ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል፤ የሚነሣው በመጪው ረቡዕ ማታ ነው። ዛሬ ወደዚህ ስመጣ አየሁት፤ 31 ስም ተጽፎበታል። የዚያ ልጅ ስም የለበትም። ከዚህ ስብሰባ እንደ ወጣሁ ወደ መኝታ ቤቱ እሄዳለሁ፤ እርሱን የምታውቁ ካላችሁ አብራችሁኝ ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ ብቻዬን ከምለምነው በብዙ ብንሆን እሺ ይለን ይሆናል።